የጉቶ እንጉዳይ

የሻረግ እንጉዳይ የምትጠብሰው በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው። ምድጃዋን ከጓዳ አውጥታ ደጃፉ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ተክላዋለች። ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ የሚወርደው ሰው የዘይቱን መንቸቅቸቅ ይሰማል። ዘወር ሲል ጥቁር የለበሰች ሴት ከሰሐን አንድ በአንድ እያነሣች ስትበላ ያያል። የምትበላው ቀና ብላ ነበር። አላፊ አግዳሚው አፏን እንዲያይላት፣ መዋጧንም እንዲያረጋግጥላት ትፈልጋለች።

ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው።

"አየሃት? አሁንም ትበላዋለች።"

"እሷን ምን ሊነካት" ይላል ሌላው፣ እርምጃውን ፈጠን እያደረገ።

ከመንደሩ ወንዝ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የአማቷ የእማማ ታይቱ ቤት ይታያል። የየሻረግ ልጅ ሀይማኖት የምታድገው እዚያ ነው። አባቷ የሞተ ሰሞን አያቷ እንደ ዋዛ ወሰዷት፤ ወስደውም አልመለሷት። እናትና ልጅ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይገናኛሉ። የሻረግ ጸጉሯን ትዳብሳለች፣ ስለ ትምህርቷ ትጠይቃታለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችላትን ዳቦ ትሰጣታለች። ልጅቱ አመስግና ትቀበላለች። አንድ እሑድ የሻረግ ከተለያዩ በኋላ ዞር ስትል ልጇ ዳቦውን ለውሻ ስትወረውር አየች። ልጅቱም መታየቷን አወቀች። ሁለቱም በየፊናቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሻረግ ከፈጣሪዋ የምትለምነው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ልጇ ተመልሳ ከእጇ እንድትበላላት።

ነገሩ የመጣው በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ባሏ ይሄነው፣ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ድንችና ገብስ ያበቅልበት የነበረውን መሬት ዲከረንስ ተከለበት። ዲከረንስ ለከሰል የሚሆን፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዛፍ ነው፤ ያን አገር በጥቂት ዓመት ውስጥ አልብሶታል። ይሄነው ዛፉ ሲደርስለት ቆረጠው፣ አከሰለው፣ ሸጠው። ጉቶው መሬት ውስጥ ቀረ። ዝናቡ ሲጥል ከየጉቶው ሥር ከዚህ በፊት ያልታየ እንጉዳይ ፈላ። የአገሩ ሰው የሚያውቀው ከግጦሽ ላይ የሚለቀመውን ነጩን እንጉዳይ ነው። ይሄኛው አመድማ ሆኖ ቅርጹ እንደ ደወል ነው፤ ብርድ እንደያዛቸው ጫጩቶች እርስ በርሱ ተጣብቆ ይወጣል። ካደረ ደግሞ ጠቁሮ እንደ ቀለም ይንጠፈጠፋል። ስለዚህ ሳያድር መጥበስ ነው።

የሻረግ ከማግባቷ በፊት እንጅባራ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሰሐን ታጥብ ነበር። አጠባበሱን ያየችው እዚያ ከወጥ ሠሪዋ ነው። ይሄን አዲሱን እንጉዳይ ግን መጀመሪያ ብቻዋን ቀመሰችው፤ ለማንም ሳትነግር ውላ አደረች። ምንም ሳትሆን ስትቀር ለቤተሰቡ ሠራች።

እንጉዳዩ ውኃ ይበዛዋል። ውኃውን ሳይጨርስ ዘይት ከነካው ይልሞሰሞሳል። ስለዚህ አስቀድማ በደረቅ መጥበሻ ታምሰዋለች፤ ውኃውን ያወጣል፣ ያፍለቀልቃል፣ ከዚያ ይደርቃል። የሽምብራ ዱቄት ላይ ጥቂት የገብስ ዱቄት፣ ጨውና ድቁስ ጨምራ በቀዝቃዛ ውኃ ትበጠብጣለች። ሊጡ ከጣት ላይ ዘግየት እያለ የሚንጠባጠብ መሆን አለበት። እንጉዳዩን እየነከረች በጋለ የኑግ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። አታበዛውም፤ ካበዛችው ዘይቱ ይበርዳል። ቀላ ሲል ታወጣና ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ ደግማ ትመልሰዋለች። ቀጭ ቀጭ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው።

ይሄነው የመጀመሪያውን ነክሶ ጆሮውን አቀና። "አንቺ ሴት፣ በፍልሰታ ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው? ይሄ እኮ ሥጋ ነው።"

"ሥጋ ከጉቶ ሲበቅል አይተህ ታውቃለህ?"

"በእኔ መሬት ላይ ምን የማይበቅል አለ" አለና ሰሐኑን ወደ ራሱ ሳበው። ሀይማኖት ጮኸች፤ እሱም አንዱን መርጦ አፏ ውስጥ አደረገላት።

ይሄነው መጠጥ የሚወድ ሰው ቢሆንም በፍልሰታ ጠብታ አይቀምስም። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ እንጉዳዩን እየለቀሙ በሉት። ራሱን እንኳ ያመመው የለም። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ይሄነው ከዶሮው ይልቅ እንጉዳዩን አምጪ አለ። ምሳውን ሦስቱም ከአንድ ሰሐን በሉ። ከዚያ እናቱን ሊጠይቅ ተሻገረ። እማማ ታይቱ አረቄ እያወጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ አረቄያቸውን ፍለጋ ከአዲስ ቅዳም ሳይቀር ይመጣል።

ይሄነው በዚያው ቀረ። በማግስቱ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ዝናቡ ጀርባውን ሲመታው አድሯል። እማማ ታይቱ እንደተናገሩት፣ እሳቸው ዘንድ ሳለ ፊቱና አንገቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ልቤ ልቤ አለ፤ አስመለሰው። ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጣ። ወደ ቤቱ የሄደ መስሏቸው ነበር።

"ምን በልቶ ነበር?" ብሎ ሰው ጠየቀ።

"እንጉዳይ።"

የሻረግ ያን ጊዜ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ከጉቶ የበቀለ መርዝ ገደለው ተብሎ ይቀር ነበር። ሰውም አብሯት ባለቀሰ። እሷ ግን መርዝ አበላች መባልን ፈራች። ከትናንቱ የተረፈውን ከሰሐኑ አምጥታ በለቀስተኛው መካከል ቆመች። "እኔም በልቻለሁ፣ ልጄም በልታለች። ይኸው" አለችና ደረቁን እንጉዳይ እየቆረጠመች ዋጠች። በለቅሶ ቤት ውስጥ ያ የመቆርጠም ድምፅ ብቻ ተሰማ።

"እንጉዳዩ ካልሆነ እንግዲህ..." አለ አንዱ። አልጨረሰውም። የሚጨርሰው ሰው አላጣም፤ እጇ ነው ተባለ።

እማማ ታይቱ በቀብሩ ላይ ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ ብለው አወረዱ፦

አብረው ቀርበው ነበር ከአንድ ገበታ፣
ልጄን አፈር በላው፣ እሷ ተርፋ በልታ።

ሙሾ እንደ ፍርድ ነው፤ ከወጣ አይመለስም። የሻረግ ለማኅበር ይዛ የሄደችው ድፎ ሳይቆረስ ተመለሰላት። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ለማፍላት ስትጠጋ ሴቶቹ "አንቺ እንኳ ውኃውን ቅጂልን" ይሏታል። ልጇ ከወንዙ ማዶ ቀረች። እሷ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ምድጃዋን ወደ ደጅ እያወጣች ጠበሰች፣ በላችም። እንጉዳዩን ነጻ ባወጣችው ቁጥር ክሱ ወደ እጇ እንደሚመለስ አልታያትም።

እንዲህ እያለ አራተኛው ክረምት ደረሰ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሀይማኖት ዳንግላ ላለች አንዲት ዘመዳቸው እንደምትሰጥ ተሰማ። "ትማራለች" ነው የተባለው። የሻረግ እንጅባራ ሰሐን ስታጥብ እንዲህ "ትማራለች" ተብለው መጥተው በየሰው ጓዳ ሠራተኛ ሆነው የቀሩ ልጆችን አይታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የሰፈሩን ሽማግሌ አያ ገበየሁን ልትለምን ሄደች።

"ልጄን ያስመልሱልኝ።"

አያ ገበየሁ በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። "ልጅሽን ምን እኔ ዘንድ አመጣው? ወረዳ አለልሽ፣ ሕግ አለልሽ።"

"ወረዳው በፖሊስ ያመጣልኝ ይሆናል። ከእጄ ግን አያበላልኝም።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። "እውነትሽን ነው። ለዚህስ ፖሊስ የለውም።"

ከእማማ ታይቱ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ እማማ ታይቱ፣ ከዘሬ አንድ ሰው ያንኑ እንጉዳይ ከእጇ በሽማግሌ ፊት በልቶ ደኅና ከዋለ ልጅቱ ትሂድላት፣ አሉ። ማን እንደሚበላ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ አበረ ሳቀ። አበረ የይሄነው ታናሽ ወንድም ነው፤ እንጅባራ ባጃጅ ይነዳል።

"እኔ እበላላታለሁ። እንጅባራ ባጃጅ ነድቼ ያልሞትሁ በእንጉዳይ ልሙት?"

"አንተ ልጅ፣ አፍህን" አሉ እናቱ።

"እማ፣ ወንድሜን ገድላው ከሆነ እኔም አውቀው። ካልሆነም ይብቃት።"

የተቀጠረው ቀን ደረሰ። አያ ገበየሁና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች የየሻረግ ደጅ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። እንጉዳዩን ከጉቶው ስትለቅም አብረው ሄደው አዩ። ዱቄቱን አሸተቱ። እጇን ታጥባ ለመጀመሪያው ጥብስ ስትቀመጥ ሊጡ ቀጥኖባት ዱቄት ጨመረች። ዘይቱ ውስጥ ስትለቀው ግን እጇ ሥራውን አወቀ።

አበረ አንዱን አንሥቶ ነከሰ። ቀጭ ሲል ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ደንገጥ አሉ።

"ምን ተሰማህ?" አሉ አያ ገበየሁ።

"ጨው አንሶታል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ አበረም በአገውኛ መለሰላቸውና ሁሉም ሳቁ። የሻረግም ሳይታወቃት ፈገግ አለች። እሷም ከዚያው ሰሐን እያነሣች በላች፤ ደንቡ እንዲያ ነበር። ሰሐኑ አለቀ። ለሚጠማው ውኃ አቀረበች። ጥላው ከግድግዳው እስኪርቅ ተቀመጡ። አበረ እግሩን ዘርግቶ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። ሁሉም ሲያንኮራፋ አዩት፤ ትንፋሹም ደኅና ነው።

"በቃ" አሉ አያ ገበየሁ ተነሥተው። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቱን ራሴ አመጣታለሁ።"

የሻረግ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በትራቸውን በመካከል ጣል አደረጉባት። ሲሄዱ የልጇን ትንሽ መደብ ጠረገች። ቁርበቱን አውጥታ አራገፈችው። ድንች ልጣ በውኃ ነከረች፤ ጠዋት እንዳትቸኩል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ሲመጣ መጀመሪያ ለቅሶ አልመሰላትም። ከዚያ ስሟን ሰማች።

ስትደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አበረ መደቡ ላይ ተንጋሏል። ፊቱ፣ ጆሮው፣ አንገቱ ሁሉ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ደረቱን በቡጢ ይመታል። "ልቤ ሊወጣ ነው" ይላል። አያ ገበየሁ አጠገቡ ቆመዋል፤ ዓይናቸውን ከየሻረግ አሸሹ። ሀይማኖት ጥግ ላይ ከእህል ጎታው ሥር ተሸጉጣለች።

"ሁለተኛውንም ጨረስሽልኝ" አሉ እማማ ታይቱ። አልጮሁም። በእጃቸው መለኪያ ይዘዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አረቄ ሞልተውበታል። የአበረን ራስ ቀና አድርገው፣ "ዋጥ አድርጋት ልጄ። መርዙን ታጥበዋለች" አሉት።

አበረ ዋጠ። የሻረግ ከበሩ ሆና አየችው። ገና ከጉሮሮው ሳይወርድ ቅላቱ እፍ እንደተባለበት ፍም ወደ ግንባሩ ወጣ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። እማማ ታይቱ ሌላ ሊቀዱ ጠርሙሱን አነሡ።

"እማማ" አለች የሻረግ። "ለይሄነውም ሰጥተውት ነበር?"

"ምኑን?"

"አረቄውን። ፊቱ ሲቀላ።"

"መድኃኒት ነው የሰጠሁት። አንቺ ያበላሽውን እንዲያወጣለት።"

"አበረስ ከእኔ ዘንድ ሲመጣ ጠጥቶ ነበር?"

"ደኅና ገባህ ብዬ ቀዳሁለት። ለልጄ ባልቀዳ ለማን ልቅዳ?"

የሻረግ ሄዳ መለኪያውን ከእጃቸው ላይ ወሰደች። ወዲያው ከኋላ አንድ ሰው ክንዷን ጠመዘዘ። መድኃኒቱን ልትከለክለው ነው፣ አውጧት፣ ተባለ። አንዷ ሴት ነጠላዋን ጎተተች። የሻረግ ግን አያ ገበየሁን ብቻ ነበር የምታየው።

"ከአንድ ሰሐን ስንበላ አይተውናል።"

"አይቻለሁ።"

"እሱ ታሟል፣ እኔ ደኅና ነኝ። ልዩነቱ ምን ይመስልዎታል? አረቄ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። ይቅዱልኝ።"

አያ ገበየሁ ዘግየት አሉ። "ልቀቋት" አሉ በኋላ። ጠርሙሱን ከእማማ ታይቱ እጅ ተቀብለው ራሳቸው ቀዱላት።

ጉሮሮዋን አቃጠላት። ሁለተኛውንም ጠጣች። ሰው ሁሉ ፊቷን ይመለከታል፤ አራት ዓመት ሙሉ በደጃፏ ቀና ብላ ስትበላ ማንም እንዲህ ትኩር ብሎ አይቷት አያውቅም። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ተስፋዋም እየወረደ ሄደ። ከዚያ ከደረቷ የሆነ ሙቀት ተነሣ። ወደ አንገቷ ወጣ፣ ጆሮዋ ጋለ፣ ጣቶቿን ወረራት። ልቧ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሲደልቅ ተሰማት። ደስ አላት፤ በመደሰቷም ፈራች። "ቀላች" አለች አንዷ ሴት በቀስታ። የሻረግ በጉልበቷ ወደቀች፤ የበላችውንም ሁሉ መሬቱ ላይ አወጣችው።

"እማ" አለች ሀይማኖት ከጎታው ሥር።

አያ ገበየሁ ጠርሙሱን ወደ ደጅ ወረወሩት። "ለሁለቱም ውኃ ስጧቸው። ከእንግዲህ አረቄ የሚባል ነገር ማንም እንዳያቀምሳቸው።" ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። "እንጉዳዩ ብቻውን አይገድልም። አረቄውም ብቻውን አይገድልም። ሁለቱ ናቸው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ የሚጣሉት።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነገሩ ቀስ በቀስ ገባው። ገብቶት ሲያበቃ አንድ በአንድ ወደ እማማ ታይቱ ዞረ። አሮጊቷ የነጭ ሽንኩርቱን መውቀጫ እንደያዙ ቆመዋል።

"እንዲሻለው ብዬ እኮ ነው" አሉ።

አበረም የሻረግም በማግስቱ ተነሡ። አያ ገበየሁ ቃላቸውን ጠብቀው ከቅዳሴ በኋላ ሀይማኖትን እጇን ይዘው አመጧት። ልብሷን በፌስታል ይዛለች። የሻረግ የቀቀለችውን ድንች በአዋዜ አቀረበችላት። ልጅቱ አንዱን አንሥታ ተመለከተችው፤ ከዚያ በላች። ሁለተኛ ጨመረች። የሻረግ ይህን ቀን ስታስበው ሁልጊዜ የምታለቅስ ይመስላት ነበር። እንባ አልመጣላትም። ልጇ ስታኝክ ጉንጯን እያየች ተቀመጠች።

"እማ፣ ታዲያ አባዬን ማን ነው የገደለው?"

"ማንም አልገደለው። ብዪ።"

"እማማ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። አክስቴ ብታመጣላትም እንቢ አለች። ራሷም አትሠራም።"

የሻረግ የማታ እሳቷን ሳታነድ ቁጭ እንዳለች ቆየች። ለልጇ ሌላ ድንች ጨመረችላት። በኋላ የገብስ አጥሚት ሠራች፣ በጣሳ ቀዳችው፣ በነጠላዋ ሸፍና ወንዙን ተሻገረች።

እማማ ታይቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። የአረቄ ማውጫው ጋን ከደጅ ባዶውን ተጋድሞ ዝናብ ይቀበላል።

"እማማ፣ ትንሽ ቅመሱ።"

"ማነሽ?"

"የሻረግ ነኝ።"

ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። የተኙ መሰላት።

"ይሄነው ሁለተኛውን መለኪያ እንቢ ብሎኝ ነበር" አሉ ግድግዳውን እያዩ። "እናቴ ይብቃኝ፣ እየባሰብኝ ነው አለኝ። አፉን ይዤ ነው ያጠጣሁት።"

የሻረግ "አውቀው አይደለም" ልትል አፏን ከፈተች። ቀላል ቃል ነበር። ግን እሷን በዚያች ቃል ያጽናናት ሰው አራት ዓመት ሙሉ አልተገኘም፤ አፏን መልሳ ዘጋች። ጣሳውን እንደያዘች ከመደቡ ግርጌ ተቀመጠች። አሮጊቷ አልዞሩም። አጥሚቱ ላዩ ቆዳ እስኪያበጅ፣ ከዚያም እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆየች።

በኋላ ተነሥታ አጥሚቱን ልታሞቀው ወደ ምድጃው ሄደች። አመዱን በጣቷ ጫረችው። ፍም የለበትም። ተንበርክካ ጭራሮ መስበር ጀመረች።